ከል የለበሰው ቡድን

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ መጀመሪያ ነው። የባለቤቴን ሙት ዓመት አምስተርዳም አውጥተን፣ ከትንሿ ልጄ ከሜሮን ጋር በባቡር ወደ ሮተርዳም እንመለሳለን። ሙት ዓመቱን ያዘጋጁልን እትዬ አበበች "ዓመት ሞላኮ ልጄ፣ ለሕፃኗ ስትል ከሉን አውልቅ" ብለው ለምነውኝ እምቢ ብያለሁ። ባወልቀው የረሳኋት መሰለኝ።

ፊት ለፊታችን ጥቁር ሹራብ የለበሱ ግዙፍ እንግሊዞች አንገታቸውን ደፍተው ተቀምጠዋል።

"አባዬ፣ የእነሱም እናት ሞተች?" አለች ሜሮን።

እኔም እውነት መሰለኝ። ተነስቼ አንድ በአንድ እየጨበጥኩ "እግዜር ያጥናችሁ፤ እኔም ለባለቤቴ ነው የለበስኩት" አልኳቸው በእንግሊዝኛ። ግራ ተጋቡ። አሰልጣኛቸው መሆናቸውን ኋላ ያወቅኩት አንድ ሽማግሌ ግን እጄን ይዘው አስቀመጡኝ።

"የራግቢ ክለብ ነን" አሉኝ። "ድሮ የመሥራቹ ሚስት ስትሞት ተጫዋቾቹ ለአንድ ዓመት ብለው ጥቁር ለበሱ። በዚያ ዓመት ያላሸነፉት ቡድን አልነበረም። ታዲያ ማን ያውልቀው? ይኸው እስከ ዛሬ።"

"ዛሬስ?"

"ዛሬማ ሆላንዶች ቀጡን።" ከዚያ ከላይ እስከ ታች አዩኝና "አንተስ፣ ስታሸንፍ ነው የከረምከው?" አሉኝ።

ሳቄ አመለጠኝ። ሜሮን ወንበሩ ላይ ቆማ ጥቁር ሹራቤን በራሴ በኩል ጎትታ ስታወልቀው እጆቼን ወደ ላይ አነሳሁላት።