ማግኔቷ የወደቀችበት በር

መምህሩ ጡረታ እስኪወጣ ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሯል፤ ሰው የሚያውቀው ግን በማግኔቱ ነው። አውራ ጣት የምታህል ማግኔት በመሐረብ ጠቅልሎ ኪሱ ውስጥ ይዞ ይዞራል። አሮጌ መኪና ካየ አለቀ፣ ላሜራው ላይ ለጠፍ! ከያዘች ብረቱ የጥንቱ ብረት ነው። ከወደቀች ግን ከቀለሙ ሥር የተደበቀው ዝገት የበላው የሚሞላበት ስቱኮ ነው፤ ያን ጊዜ ለባለመኪናው ወዮለት።

የራሱን ባለሁለት በር አሮጌ መኪና ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በገዛ እጁ ሠርቷታል። ዝገቷን እየፋቀ፣ ብሎኗን እየፈታ፣ የጨረሰውን ዕቃ ሁሉ ከውስጥ በኩል ቀኑን በነጭ ቀለም እየጻፈበት። ምኞቱ አንድ ነበር። የአሮጌ መኪና ወዳጆች በዓመት አንዴ ሰልፍ ሲወጡ፣ የተመረጠችው መኪና ከፊት ትመራለች። እሱ ሁልጊዜ ከኋላ ነው። ዘንድሮ ግን ተራው የእሱ ነበር፤ ጎረቤቱ የጥርስ ሐኪም ያችኑ ዓይነት መኪና ገዝቶ ባይመጣ ኖሮ!

ሐኪሙ እንኳን ሞተር ሊያወርድ ብሎን መፍቻ ካቻቢቴ በየት በኩል እንደሚያዝ አያውቅም። ጋራዥ አስገባትና በአራት ወር እንደ ሙሽራ ተሽሞንሙና ወጣች። መምህሩ በአጥሩ ቀዳዳ እያየ እርር ድብን አለ።

«ቀንተህ ነው አንተ ሰውዬ» አለችው ሚስቱ።

«እኔ? በምኗ?» አለ፣ ዓይኑን ከቀዳዳው ሳያነሳ።

የባሰው ደግሞ ሐኪሙ ትሑት መሆኑ ነው። ባገኘው ቁጥር ጎንበስ ብሎ «ጋሼ፣ የእኔዋ እንደ እርስዎዋ መቼ ትሆናለች!» ይለዋል። የሐኪሙ መኪና ገና ጋራዥ ሳለች፣ አንድ ቀን መምህሩ የራሱን መኪና ኮፈን ከፍቶ የጻፋቸውን ቀኖች አሳየውና ወዲያው ተጸጸተ። እያሾፈብኝ ነው ብሎ ሳምንት ሙሉ ተብሰለሰለ።

የሰልፉ ቀን ጠዋት ሰው ሁሉ የከበበው ከፊት እንድትመራ የተመረጠችውን የሐኪሙን መኪና ነው። መምህሩ መሐረቡን ሲያወጣ ሚስቱ እጅጌውን ያዘችው።

«ተው! ጉድጓድ ስትምስ አታርቀው።»

አልሰማትም። ማግኔቷን ኮፈኑ ላይ ለጠፋት፤ ያዘች። ፓራፋንጎው ላይም ያዘች። ወደ ግራው በር ዞረ። ማግኔቷ ተንሸራታ ጠብ አለች።

«ስቱኮ!» ብሎ ጮኸ። እንዲህ ጮኾ የሚያውቀው ሴት ልጁ የተወለደች ቀን ብቻ ነበር።

የሰልፉ ሰብሳቢ ጎንበስ ብለው በሩን አንኳኩ። «ደንብ ደንብ ነው። ስቱኮ ያለባት መኪና አትመራም። መምህር፣ እርስዎ ከፊት ይሁኑ።»

ሰዉ ሲበተን ሐኪሙ ማግኔቷን ከመሬት አንስቶ በሸሚዙ ጠረጋትና መለሰለት። ከዚያ በሩን ከፍቶ የውስጥ ልባሱን ትንሽ ገለጥ አደረገ። ነጭ ቀለም፣ ቀን፣ የመምህሩ የራሱ የእጅ ጽሕፈት!

መምህሩ ክው አለ። የራሱ መኪና የድሮ በር፣ የመጀመሪያው ዓመት ሥራው ነው፤ ገና ሙያውን ሳያውቅ ዝገት የበላውን ላሜራ በስቱኮ ሞልቶ፣ ኋላ የተሻለ በር ሲያገኝ ለብረት ለቃሚ የሸጠው።

«በሩን ጋራዡ ከብረት ለቃሚ ነው ያመጣው» አለ ሐኪሙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ኮፈንዎን ከፍተው ያሳዩኝ ቀን ጽሕፈቱን ለየሁት። ደህና በር እናስገባልህ ቢሉኝ፣ የጋሼ እጅ ያረፈበትማ አይነካም አልኳቸው።»

«ታዲያ ለሰብሳቢው ለምን አልነገርክም?»

«ሰው ፊት? እንዴት ብዬ ጋሼ!»

መምህሩ ወደ ሰብሳቢው ሁለት እርምጃ ተራመደ። ዘጠኙ ዓመት ትዝ አለውና ተመልሶ መኪናው ውስጥ ገባ። አሁን ደግሞ በመኪናው መቅናቱ ሳያንስ፣ በሰውየው ደግነትም ቀና።

ሰልፉ ተነሣ። ከፊት የሚመራው እሱ ነው፤ መንገደኛው ያጨበጭባል።

«እሰይ! ይኸው ተሳካልህ» አለች ሚስቱ። «ምነው ታዲያ ፊትህ ጠቆረ?»

መምህሩ በስፖኪዮው ወደ ኋላ አየ። ሐኪሙ ክንዱን በዚያ በር ላይ ደገፍ አድርጎ፣ ለሕፃናቱ እጁን እያውለበለበ ይስቃል።

«እይው» አለ መምህሩ። «ከኋላ ሆኖ እንኳ ከእኔ ይልቅ ደስ ብሎታል።»