ደሞዝተኛ ጉድጓድ አይቆፍርም

ደሴ፣ እኛ ሰፈር ባለው ቅሬ፣ በእድራችን ማለት ነው፣ ሰው ሲሞት ደሞዝተኛ ጉድጓድ አይቆፍርም። የትም አልተጻፈም፤ ግን ሁሉም ያውቀዋል። ሥራ ያለው ሰው ከሥራው ሲመለስ ማታ ሐዘንተኛው ቤት መጥቶ ይቀመጣል፤ ቀን የሚቆፍሩት እቤት የዋሉት ናቸው። እኔ ለዓመታት የማታ ሰው ነበርኩ።

ሥራዬ ኮምቦልቻ፣ አንድ የልብስ ፋብሪካ ውስጥ ነበር፤ የዕቅድና የስምሪት ተቆጣጣሪ። ስሙ ይከብዳል እንጂ ነገሩ ቀላል ነው። ጨርቁና ክሩ ከጅቡቲ መቼ እንደሚገባ አውቆ፣ የትኛው ፈረቃ ምን እንደሚሰፋ አስቀድሞ መደልደል ነው። ሾፌር «ደጋን ከተማ ደርሻለሁ» ካለ ገና አፋር ውስጥ ሚሌ ምሳ እየበላ መሆኑን ማወቅም የሙያው አካል ነበር። ከዚያ ኦርደር ቀነሰ፣ ኮንቴይነር መምጣቱን ተወ። የሚመጣ ከሌለ ደግሞ የሚደለደል የለም። ሲያሰናብቱን አላዘንኩም። ባጄን አስረክቤ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ፤ የሐረጎን ዳገት ስንወጣ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ሰዎች «አንተ ሥራ አታጣም» ይሉኝ ነበር። አምኜ ሳይሆን ለመከራከር ሰንፌ ዝም እላለሁ። ጠዋት ጠዋት እንደ ድሮው የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሼ ፒያሳ እሄድና ማስታወቂያ አነባለሁ። ነርስ ይፈልጋሉ፣ ሾፌር ይፈልጋሉ፣ ጥበቃ ይፈልጋሉ። ዕቅድ አውጪ የሚፈልግ አላየሁም። ደግሞስ ማን ነገን አውቆ ያቅዳል?

በዚህ ሁሉ ጊዜ ሰፈር ውስጥ ሰው ሲሞት የቅሬያችን ዳኛ፣ ማለትም መሪው፣ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ሽማግሌ፣ በራችን ላይ ቆመው ለሚስቴ «ማታ ይምጣ» ይሏታል። እቤት መሆኔን ያውቃሉ፤ ስስልም ይሰማሉ። ቢሆንም «ማታ ይምጣ» ብለው ይሄዳሉ። እኔም ማታ እሄዳለሁ፤ ከሥራ እንደመጣ ሰው ደክሞኝ።

በመጨረሻ ኮምቦልቻ ያለ ሌላ ፋብሪካ ለቃለ መጠይቅ ጠራኝ። ሽማግሌው ወሬውን ሰምተው ጠዋት መንገድ ላይ አገኙኝና «አብሽር፣ ይሄ ያንተ ነው ኢንሻ አላህ» አሉኝ።

የጠየቀችኝ ሥራ አስኪያጅ ትሁት ሴት ናት።

«ዕቅዱን አሁን የሚያወጡት አዲስ አበባ ነው» አለች። «እዚህ የሚያስፈልገን ዕቃ ተረክቦ መጋዘን የሚያስገባ ነው።»

«እሱንም እሠራለሁ።»

«ያንተ ልምድ ለዚህ ይበዛል። የሚሆን ነገር ሲኖር እንደውላለን።»

«እንደውላለን» የምትለዋን ቃል አውቃታለሁ። ክር ሲያልቅብኝ ሰፊዎቹን ወደ ቤት የምሸኘው በእሷው ነበር። አመስግኜ ወጣሁ።

ማታ ሽማግሌው ከመስጊድ ሲመለሱ ጠበቁኝ።

«እንዴት ሆነልህ?»

«እንደውላለን አሉኝ፣ አባባ።»

«ኸይር ነው» አሉና ወደ ቤታቸው ገቡ።

ወሩ ሳያልቅ አንዲት አሮጊት ጎረቤታችን ሞቱ። ጠዋት የሽማግሌውን ድምፅ ከበር ሰማሁ። ሚስቴ የተለመደውን እስኪሏት ቆማ ጠበቀች።

«አለ?» አሏት።

«አለ።»

ፒያሳ ልሄድ ሸሚዜን ለብሼ ነበር፤ እንደዚያው ወጣሁ። ከላይ እስከ ታች አዩኝና ዓይናቸውን መሬት ላይ ጣሉ።

«አካፋ አለህ?»

«የለኝም፣ አባባ።»

«አብሽር፣ ከኔ ቤት ትወስዳለህ። ልብስህን ቀይርና ና፤ ለዙሁር ሶላት እናድርስ።»

ፋብሪካው ሲያሰናብተኝ ያልመጣው ሐዘን ያን ጊዜ መጣ። ክፉ አልተናገሩኝም። እንዲያውም ሌላ ሰው ከሚጠብቅልኝ በላይ ክብሬን ጠብቀውልኛል። ገብቼ አሮጌ ሱሪ ፈለግኩ። ሚስቴ ያወለቅኩትን ሸሚዝ ተቀበለችኝ። እንደ ወትሮው ሚስማሩ ላይ አልሰቀለችውም፤ አጣጥፋ ሳጥን ውስጥ ከተተችው።