የአውሮፕላኑ ሦስተኛ ወንበር

እውነተኛ ስሙን የሚያውቅ ጥቂት ሰው ነው፤ ሁላችንም ፈገግታ እንለው ነበር። ሰው ሠራሽ ጥርስ በሚሠራበት ክፍል ውስጥ ከእኔ አጠገብ ተቀምጦ ዘመኑን የገፋ ሰው ነው። ቅጽል ስሙን ያወጡለት ባልደረቦቻችን ናቸው፤ ለሰው ሁሉ ፈገግታ ሲሠራ ውሎ ለራሱ አንድ እንኳ አላስተረፈም ብለው። እሱ አይቀየምም። «እኔ ከሳቅኩማ የምቀርጸው ሰም እጄ ላይ ይሰበራል» ይልና አቀርቅሮ ሥራውን ይቀጥላል።

ክፍላችን ጠባብ ናት። አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ ተንጠልጥለው የሚወርዱ መብራቶች፣ የትም የሚገባ የጀሶ ብናኝ። በመደርደሪያው ላይ የሰዎች መንጋጋ በጀሶ ተቀርጾ ተደርድሯል። እንግዳ ሲገባ ይደነግጣል፤ እኛ ምሳችንን የምንበላው ከሥራቸው ነው። አለቃችን «አፍ አይዋሽም» የምትል አንዲት አባባል ነበረችው። ጥርሱ ጀሶው ላይ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ሰውየው አፍ ውስጥ ገብቶ ካልተስማማ ሰብረህ እንደገና ትሠራዋለህ። በሞረድ እየፋቁ ማባበልን አይወድም ነበር።

ይህን የምጽፈው ግን ስለ አንድ የፕላስቲክ አውሮፕላን ብዬ ነው። ነገሩን እንደሚገባው መናገር እችል እንደሆነ አላውቅም፤ ቢሆንም እዚያው ስለነበርኩ ልሞክር።

የፈገግታ ታላቅ ወንድም የጭነት አውሮፕላን መካኒክ ነበር። መሬት ላይ የሚጠግን ሳይሆን ከሁለቱ አብራሪዎች ጋር አብሮ የሚበር፣ አየር ላይ ሆኖ የሞተሩን ሙቀትና የነዳጁን ልክ የሚጠብቅ። ዛሬ ይህን ሥራ ማሽን ስለሚሠራው ሙያው ጠፍቷል ይባላል። ወላጆቻቸው በጊዜ ስላለፉ ፈገግታን አባትም እናትም ሆኖ ያሳደገው ይህ ወንድሙ ነው።

አንድ ጊዜ ከጉዞ ሲመለስ እሱ ራሱ የሚበርበትን ዓይነት አውሮፕላን፣ ተገጣጥሞ የሚሠራ የፕላስቲክ ሞዴል በካርቶን እንደታሸገ ይዞ መጣ። «ጡረታ ስወጣ እገጣጥመዋለሁ» ብሎ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ አኖረው። ለጡረታው አልደረሰም። አውሮፕላኑ ባሕር ውስጥ ወደቀ፤ ከሦስቱ ሰዎች አንዳቸውም አልተገኙም። ሬሳ ሳይኖር ተለቀሰ። መቃብር የለውም።

ካርቶኑ እዚያው ቀረ። የሟቹ ሚስት አቧራውን ይወለውሉለት ነበር እንጂ አያወርዱትም። ልጅ አልወለዱም። ፈገግታ እትዬ እያለ ነው የሚጠራቸው፤ እሑድ እሑድ ሄዶ ይጠይቃቸዋል። ሻይ ይጠጣሉ፣ ስለሚያፈሰው ቧንቧ፣ ስለ ኑሮ ውድነት፣ ስለ ጎረቤት ውሻ ያወራሉ። ሟቹን ግን አያነሱም። እሱ የእሳቸውን ቁስል እንዳይነካ ይጠነቀቃል፣ እሳቸው የእሱን። እንዲህ ሆነው ሁለቱም ሸበቱ።

በኋላ የእትዬ ዓይን ከዳር ከዳሩ እየጨለመ መጣ። የዓይን ግፊት ነው አላቸው ሐኪሙ፤ የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውም ይከተላል። «በቁልፍ ቀዳዳ እንደማየት ነው» ብለው ነገሩት። «ሰው ሲመጣብኝ አፍንጫውን አገኝና ጆሮውን ፍለጋ እዞራለሁ።»

በዚያው እሑድ «ያንን ካርቶን አውርድልኝ» አሉት።

«የቱን፣ እትዬ?»

«የቱን ይለኛል እንዴ! በዚህ ቤት ስንት ካርቶን አለና?»

ወንበር ላይ ወጥቶ አወረደ።

«ገጣጥመህ ሥራልኝ። ትልቅ ነገር ዓይኔ ውስጥ አልገባ ብሏል፤ ትንሹን ግን ሙሉውን አየዋለሁ። እሱ ይቀመጥበት የነበረውን ቦታ ልየው፣ ዓይኔ ሳይዘጋ።»

ፈገግታ ካርቶኑን በፎጣ ጠቅልሎ ወደ ክፍላችን አመጣው። ሥራ የሚያመጣልን የጥርስ ሐኪም እንዲህ ያለ ሞዴል መሰብሰብ ይወዳልና ገና ሲያየው ፊቱ ተለወጠ። የሠራው ፋብሪካ ራሱ ከተዘጋ ቆይቷል፣ እንደ ታሸገ የቀረ ካለም በጣት የሚቆጠር ነው አለን። «እባክህ እንዳትከፍተው!» ብሎ ተማጸነው። ፈገግታም ነገሩን ለእትዬ አደረሰ።

«ያልተከፈተ ነገር በቤቴ ሞልቷል» አሉት።

ተከፈተ። ፕላስቲኩ አርጅቶ ወደ ቢጫ አድልቷል፤ ሲነኩት እንደ ደረቅ ቅጠል ይንኮሻኮሻል። ከውጭ የሚታየው ሁሉ በደንብ ተሠርቷል፤ ክንፉ፣ ሁለቱ ሞተሮች፣ ጎማው ሳይቀር። ውስጡ ግን ባዶ ነበር። ለአብራሪዎቹ በቅጡ ያልተቀረጹ ሁለት ወንበሮች አሉ፤ ከነሱ ኋላ ምንም የለም። ፋብሪካው ማን አጎንብሶ ያያል ብሎ ሳይሆን አይቀርም። የወንድሙ ወንበር አልነበረም።

ፈገግታ ባዶውን ቦታ በሽቦ ለካ። ከዚያ «በቃ፣ እኔ እሠራዋለሁ» አለ።

ያኔ ነው የእጁን ጥበብ ያየሁት። ለጥርስ የምንጠቀምበት ሁሉ ለአውሮፕላኑ ዋለ። ወንበሩን ድድ ከምንሠራበት ፕላስቲክ ቀረጸው። መጀመሪያ ሮዝ ሆኖ ወጣና «ወንድሜን ድድ ላይ አስቀመጥኩት» አለኝ። ቀልድ ከአፉ ሲወጣ ስለማላውቅ ለመሳቅ ዘገየሁ። ጥቁር ቀባው። የወንበሩን እግር ጥርስ ከምናቃናበት ቀጭን ሽቦ፣ ቀበቶውን ከመድኃኒት ማሸጊያ ብርማ ወረቀት ሠራው። ለመቆጣጠሪያ ሰሌዳው ከሰናፍጭ ያነሱ ክቦችን እየበሳ በእያንዳንዳቸው ውስጥ ከመርፌ ጫፍ በቀጠነ ብሩሽ ነጭ ጠቋሚ አኖረ። ሲሠራ ትንፋሹን ይይዛል። ሥራው እየጠለቀ ሲሄድ እኔም ሳይታወቀኝ አብሬው እይዛለሁ።

ወንበሩን የት እንደሚያኖር ሲመራመር «እትዬን ለምን አትጠይቃቸውም?» አልኩት።

«ምን ብዬ? ባለቤትዎ የሞተበት ወንበር እንዴት ነበር ልበላቸው?»

እኔም ብሆን አልጠይቅም ነበር። ይሉኝታ እንዲህ ነው፤ የሚያውቀው ሰው አጠገብህ ተቀምጦ አንተ በግምት ትሠራለህ።

ወንበሩን ከሁለቱ አብራሪዎች ኋላ፣ በመሃላቸው፣ ፊቱን ወደ ፊተኛው መስታወት አዙሮ አስቀመጠው። «ሰማይ ይወድ ነበር» አለኝ። «ከዚህ ሆኖ ሁሉን ያያል።» ከዚያ ሁለቱን የአውሮፕላኑን አካል ክፋዮች አጋጥሞ አጣበቀ። ይህ ማጣበቂያ እንደ ሙጫ ከላይ አይለጥፍም፤ ፕላስቲኩን አቅልጦ አንዱን በሌላው ውስጥ ያዋህደዋል። አንዴ ከደረቀ በኋላ ሁለት የነበረው አንድ ነው።

እሑድ እኔንም አስከተለኝ። አውሮፕላኑን በጫማ ካርቶን ጥጥ አንጥፌ ተሸከምኩት። እትዬ በመስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ጠበቁን፤ ጭናቸው ላይ ንጹሕ ጨርቅ ዘርግተዋል። ፈገግታ ትንሽ ባትሪ አብርቶ ያዘላቸው። ዓይናቸውን መስታወቱ ላይ አስጠግተው ቀስ ብለው ፈለጉ፣ አገኙትም።

ፊታቸው ላይ የነበረው ብርሃን ጠፋ።

«እጅህ ይባረክ» አሉ። «በጣም ያምራል።»

ሻይ ቀረበ። ስለ ቧንቧው ተወራ። ፈገግታ ብርጭቆውን እንደያዘ ቀረ እንጂ አልጠጣም። በኋላ «እትዬ፣ የሆነ ነገር አለ» አላቸው።

«ምንም የለም።»

«አለ እንጂ። ንገሩኝ።»

አውሮፕላኑን በመዳፋቸው ከበቡት። «ፊቱ ወደዚህ አልነበረም» አሉ። «አንድ ጊዜ መሬት ላይ ቆሞ ሲጠገን ወስዶ ወንበሩ ላይ አስቀምጦኛል። ወንበሩ ወደ ጎን ነው የሚያየው። ከቀኝ በኩል፣ ፊት ለፊቱ ግድግዳ ሙሉ የሞተር መለኪያ ሰዓት ብቻ። አብራሪዎቹን ለማየት እንኳ አንገትህን ማዞር አለብህ። እንዴት ይሰለቻል፣ ምንም አይታይህም እኮ ስለው፣ እኔ የማየው የሞተሩን ልብ ነው፣ ሰማዩን ለነሱ ትቼላቸዋለሁ አለኝ።»

አውሮፕላኑን ጭናቸው ላይ አኖሩት።

«እኔ እስከ ዛሬ እንቅልፍ የወሰደኝ በዚያ ነው። ባሕሩ ሲመጣበት አላየውም እያልኩ። ሰዓቱን እያነበበ ነው የሄደው እያልኩ። አሁን አንተ ወደ መስታወቱ አዞርከው፤ ሳየው… ያየ መሰለኝ።»

ፈገግታ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ሰማዩን የሰጠው ለወንድሙ ይበጃል ብሎ ነበር።

«ተዉት፣ አድሰዋለሁ» አለ።

«ተው፣ ይሰበራል! ሌላ የለም ብለህኛል እኮ።»

«አፍ አይዋሽም፣ እትዬ።»

«ምን?»

«የአለቃችን ተረት ነው» አልኩ እኔ።

በማግስቱ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠን አየነው። በመስታወቱ በኩል ገብቶ ወንበሩን መንቀል አይቻልም፤ ቀዳዳው ይጠባል። መክፈት ነው ያለው አማራጭ። እኔ አካሉን በጥጥ መሃል ያዝኩለት፤ እሱ በቀጭኑ ምላጭ መጋጠሚያውን እየተከተለ ይከፍት ጀመር። ጅራቱ በሰላም ተላቀቀ። ሆዱም እሺ አለ። አፍንጫው ዘንድ ሲደርስ ጥርስ ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ቀጭን ድምፅ ሰማን። ስንጥቁ ከመስታወቱ ሥር ተነስቶ እስከ ክንፉ ሥር ሄደ፤ መስታወቱም በእጄ ውስጥ ሁለት ቦታ ሆነ።

«እኔ ነኝ፣ አጥብቄ ይዤው ነው» አልኩ።

«አይደለህም። አርጅቷል» አለኝ። «እኛም ብንሆን ከዚህ በላይ አንችልም።»

የጥርስ ሐኪሙ መጥቶ ሲያየው ዘመዱ የሞተበት ይመስል ራሱን ይዞ ወጣ። በሌላ ቀን ግን መስታወት የሚሆን ስስ ብርሃን አስተላላፊ ፕላስቲክ ይዞልን ተመለሰ። ፈገግታ የመስታወቱን ቅርጽ በጀሶ አወጣ፣ ፕላስቲኩን አሙቆ ላዩ ላይ ተጫነውና አዲስ መስታወት ሆነ። ስንጥቁን ግን እንዳለ ተወው።

ውስጡን በዚህ ጊዜ ብቻውን አልሠራውም። መሣሪያዎቹን በትሪ ይዞ እትዬ ቤት ሄደ፤ ጠረጴዛቸው ላይ መብራት አቆመ። እሳቸው እየተናገሩ እሱ ይሠራል፣ ከዚያ በዚያች በቀረችው የዓይናቸው ቀዳዳ አይተው ይፈርዳሉ።

«ወደ ግድግዳው አስጠጋው። ጉልበቱ ይነካ ነበር፤ ረጅም አልነበረ?»

«እንዲህ?»

«ትንሽ። እህ። እርሳስ ነበረው፣ በክር የታሰረ። አውሮፕላኑ ሲያዘነብል እየተንከባለለ ሲያስቸግረው ነው ያሰረው።»

እርሳሱ ከጥርስ መፋቂያ እንጨት ስንጣሪ ተቀረጸ፣ በጠጉር ታሰረ። ጠጉሩ የእትዬ ነበር፤ ራሳቸው ነቅለው ሰጡት።

«ጫማውንም ሥራ» አሉ።

«የምን ጫማ?»

«ወንድምህ ያለ ጫማ ነበር የሚበረው፤ አላወቅህም? ገና ሲነሱ አውልቆ ከወንበሩ ሥር ይከተዋል። አብራሪዎቹ መስኮት የማይከፈትበት ቦታ ላይ ገደለን እያሉ ለእኔ ይከሱት ነበር!»

ፈገግታ ሳቀ። በዚያ ሁሉ ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጬ ድምፁን ሳልሰማው የኖርኩት ሳቅ ነው፤ ሻካራ፣ አጠቃቀሙን እንደ ረሳ ሰው። «እኔ ነኝ እኮ ካልሲውን ሳጥብ ያደግሁት!» አለ። እትዬም ሳቁ፣ ሳቁና ጨርቁን ፊታቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ ሁለቱም አለቀሱ። እኔ ብርጭቆዎቹን አንስቼ ወደ ማድቤቱ ሄድኩና ንጹሑን ሁሉ እንደገና አጠብኩ።

ጫማዎቹ ከምስር ፍሬ ያንሳሉ። አንዱ ቆሟል፣ አንዱ በጎኑ ወድቋል፤ እሳቸው እንዲህ ይሁን ስላሉ።

ሁሉም ሲያልቅ ፈገግታ ማጣበቂያውን ከፈተ። እትዬ ሽታውን አወቁት።

«አትዝጋው» አሉ። «እንዲሁ ይከፈት።»

አንዱን ጎን ሳያጣብቅ፣ ጥርስ በምናስርበት ትንሽ ላስቲክ ብቻ ያዘው። በዚያ እሑድ እትዬ ረጅም ጊዜ አዩ። ወንበሩን፣ የሰዓቱን ግድግዳ፣ እርሳሱን። «አዎ» አሉ።

አሁን ዓይናቸው ፈጽሞ ተዘግቷል። ፈገግታም ጡረታ ወጥቷል፤ እሑዱን ግን አላስታጎለም። አንዳንድ ጊዜ እኔም አብሬው እሄዳለሁ። ስለ ቧንቧው ካወራን በኋላ እትዬ እጃቸውን ይዘረጋሉ። እሱ ላስቲኩን ፈትቶ ጎኑን ይከፍትና የትንሿን ጣታቸውን ጥፍር ይዞ ወደ ወንበሩ ይመራዋል። ጀርባውን ይዳስሳሉ፣ ወደ ጎን መዞሩን ያረጋግጣሉ። ጫማው ለጥፍርም ያንሳልና እሱን በቃል ነው የሚጠይቁት።

«ጫማው አለ?»

«አለ፣ እትዬ።»

«የወደቀውም?»

«እንደ ወደቀ ነው።»

«እንግዲያው ግጠመው» ይላሉ፤ እሱም ላስቲኩን ይመልሰዋል።