የአማት ለቅሶ

እዚህ ሚኒሶታ፣ ኒው ሆፕ ከተማ የምትኖረው ዘመናይ የእድራችን ዕቃ ያዥ ናት። ተጣጣፊ ወንበሮቹም ትልልቅ ድስቶቹም ጋራዧ ውስጥ ናቸው፤ ሰው በሞተ ቁጥር ቫኗ ላይ ጭና ለቅሶ ቤት የምታደርሰው እሷ ናት። ከትርሲት ጋር ዘጠኝ ዓመት አብራ ስትኖር፣ እኛ እያወቅን "ሩምሜቷ" እያልን አለፍነው።

በፈረንጆቹ 2007 የትርሲት እናት አረፉ። ዘመናይ እሑድ ጠዋት የእድሩ ስብሰባ ላይ ተነስታ ቆመች።

"አማቴ አርፈዋል። እድሩ ይድረስልኝ።"

ሊቀመንበሩ ጋሽ ማንያዘዋል ግራ ገባቸው። "የምን አማት? መቼ አገባሽ?"

"የሚኒሶታ ሕግ አላጋባም ስላለኝ ነው እንጂ ትርሲት ሚስቴ ናት።"

ጋሽ ማንያዘዋል የእድሩን ደንብ ማገላበጥ ጀመሩ።

"ምን ያገላብጣሉ?" አለች ዘመናይ። "የስንታችሁን አማት ቀበርኩ? ማንን የጋብቻ ወረቀት አሳየኝ አልኩ? የእርስዎ አማት ሲሞቱ በዚያ በረዶ ወንበር ተሸክሞ የገባው ማን ነው?"

"እስቲ ኮሚቴው ይምከርበት" አሉ አቀርቅረው።

"ምከሩ! እኔ አርባውንም ወንበር ቤቴ እደረድራለሁ። የማን ወንበር ባዶ እንደሆነ ቆሜ አያለሁ።" በሩን በርግዳው ወጣች።

ከሰዓት በኋላ እኔም ሄድኩ፤ እውነቱን ለመናገር ፈራ ተባ እያልኩ ነው። የፊተኛው ወንበር ተይዟል። የጋሽ ማንያዘዋል ሚስት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከትርሲት ጎን ተቀምጠዋል።

"እሱ ደንቡን ያገላብጥ" አሉኝ። "እናቴ የሞተች ቀን ዘመናይ ደንብ አላገላበጠችም።"