«አለሁ» ማለት ያቃተኝ ማለዳ

ከቀዶ ጥገናው ስነቃ መጀመሪያ የጠየቅሁት ውሃ ነው፤ ማንም ግን አልሰማኝም። የምግብ ቧንቧዬ ላይ የበቀለውን እጢ ለማስወጣት አዲስ አበባ ድረስ ሄጄ፣ ደረቴንም ሆዴንም አስከፍቼ፣ ከቧንቧው አብዛኛው ተቆርጦ ጨጓራዬ ወደ ላይ ተስቦ ተሰፍቶልኝ ነበር። ይህን ሁሉ አስቀድመው ነግረውኝ ስለነበር አልደነገጥኩም። ያስደነገጠኝ «ውሃ» ስል ከአፌ የወጣው ነገር ድምፅ አለመሆኑ ነው። የተበሳ ጎማ የሚያወጣው ዓይነት ትንፋሽ ነበር።

እኔ ደግሞ ድምፄ እንጀራዬ የሆነ ሰው ነኝ። ሸዋ ሮቢት ገበያ ማሾና ሽንኩርት ስነግድ ሃያ ዓመት አልፎኛል። እዚያ ዋጋ የሚቆረጠው በጩኸት ነው፤ የኔ ጩኸት ደግሞ ከኔ ቀድሞ ገበያ ይደርሳል ይባል ነበር። ባለቤቴ፣ እቤት ውስጥ ስናገር ጎረቤት የተጣላን ይመስለዋል እያለች ታማርራለች። አንዳንዴም ተጣልተን ነበር።

ሐኪሙ ሲያስረዳኝ፣ የድምፅ አውታሩን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ ከቧንቧው ጎን ለጎን ስለሚያልፍ በቀዶ ጥገናው ጊዜ ተነክቷል፤ በወራት ውስጥ ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል አለኝ። እኔ «ላይመለስም ይችላል» የምትለዋን ብቻ ይዤ ወጣሁ። አውታሩ በደንብ ስለማይገጥም የምጠጣው ነገር ወደ ሳንባዬ እንዳይገባ፣ አገጬን ወደ ደረቴ ዝቅ አድርጌ፣ ጥቂት ጥቂት እያልኩ፣ ቀስ ብዬ እንድውጥም አዘዘኝ። እናቴ ሕክምና ሳትማር ዕድሜ ልኬን ስትለኝ የኖረችው ይህንኑ ነው። ልጅ ሆኜ ንፍሮ ሳላኝክ እየዋጥኩ በታነቅሁ ቁጥር በመዳፏ ጀርባዬን እየደቃች «ቀስ በል» ትለኝ ነበር።

ፈራሁ። ጠዋት ስነሳ አፌን ከፍቼ «አ» እላለሁ፤ ያው ትንፋሽ ነው። ነርቩ ሳይሆን በሽታው ተመልሶ ድምፄን ይዞት ቢሆንስ እላለሁ። አንድ ብርጭቆ ውሃ ፊት ተቀምጬ ላብ ያጠምቀኛል። ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ ላይ ተንጠልጥሎ ያደገ ሰው ውሃ ፈራ ብዬ ለማን ልናገር፤ ብናገርስ ማን ይሰማኛል።

እናቴ የምትኖረው ከሮቢት ወጣ ብሎ ባለው የቀወት መንደራችን ነው። ዓይኗን ሞራ ከጋረደው ወዲህ ሰው የምትለየው በድምፁ ነው። ከሆስፒታል አንድ ጊዜ ደወልኩላትና «እማዬ» አልኩ። ማነህ አንተ ብላ ጥቂት አዳመጠችና ስልኩን ዘጋችው። ከዚያ በኋላ በእኔ ፈንታ የምትመልስላት እህቴ ሆነች፤ ተኝቷል፣ መርፌ ተወግቶ ነው፣ ሐኪሙ እንዳይናገር ከልክሎታል እያለች። የመጨረሻው እውነት ነበር። ግን እኛ አገር ሰው ሲሞት ለቤተሰቡ በስልክ የሚባለው ይኸው ነው። ታላቅ ወንድሜ የሞተ ጊዜ «ተኝቷል» ብዬ እናቴን የዋሸኋት እኔው ነኝ፤ በማግስቱ ማለዳ ዘመድ ሰብስቤ ሄጄ መርዶውን የነገርኳትም እኔው። ይህን ማስታወስ ነበረብኝ፤ አላስታወስኩም።

ሮቢት በገባሁ በሦስተኛው ቀን እናቴን ልናይ ተነሳን። የቆላ ፀሐይ ከጠነከረች ላቡ ቁስሌን ያመረቅዘዋል ብለን ጎህ ሲቀድ ወጣን። እኔና ባለቤቴ በአንዱ ባጃጅ፣ እህቴና የእናቴ ወንድም የሆነው አጎቴ በሌላው። ሴቶቹ ነጠላ ለብሰዋል፤ እኔ ነፋሱ ጉሮሮዬን እንዳይመታኝ ጋቢዬን እስከ አፍንጫዬ ተከናንቤያለሁ። ባጃጆቹ የማሽላው ማሳ ጫፍ ላይ አወረዱንና በእግር ቀጠልን። ማንም አያወራም። እኔ አልችልም፤ እነሱ ደግሞ እኔን እንዳያናግሩ ብለው ዝም አሉ።

የመጀመሪያዋ ጎረቤት ከደጇ ቆማ አየችን። እኔን አላወቀችኝም፤ ከስቼ ግማሽ ሰው ሆኛለሁ። አንዲት ቃል ሳትናገር ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለበሰችና ከኋላችን ተከተለች። ሙስሊሙ ጎረቤታችን በሬዎቹን ትቶ «ኢና ሊላሂ» እያለ መጣ። ሌሎችም ተጨመሩ። ያኔ ገባኝ። ማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ዝም ብሎ። የራሴን መርዶ ለእናቴ ላረዳ በእግሬ እየሄድኩ ነው።

እኔ ነኝ፣ አልሞትኩም ልላቸው ዞርኩ፤ ትንፋሽ ብቻ ወጣኝ። ቀዶ ጥገና ክፍል ስገባ እንኳ እንደዚያ አልፈራሁም። አንድ ልጅ የቀበረች አሮጊት ልቧ ሁለተኛ አይችልም፤ ሳልሞት ልገድላት ነው አልኩ። የባለቤቴን ክንድ ጎተትኩ። ዞራ ስታይ እሷም ክው አለች። ለሰዎቹ ልታስረዳ አፏን ስትከፍት ግን እናቴ ኮቴያችንን ሰምታ ከበራፏ ወጥታ ነበር።

«ልጄን አመጣችሁልኝ ወይስ ወሬውን?» አለች።

«ልጅሽን ነው፤ ይኸው ቆሟል» አለ አጎቴ። ከኋላው የተሰለፈውን ሰው ያየው ገና ያኔ ነበርና ድምፁ ተንቀጠቀጠ።

«ቆሞ ከሆነ እስቲ ይናገር።»

«እማዬ፣ አለሁ» አልኩ፤ ያለኝን አየር ሁሉ አውጥቼ። እሷ ዘንድ የደረሰው የማታውቀው ሰው ሹክሹክታ ነው። ፊቷ ተለወጠ። ዓይኗ ማየት ስላቃተው ሌላ ሰው አቁመን ልናታልላት የመጣን መሰላት። የልጄን ድምፅ እኔ አጣዋለሁ እንዴ ብላ ደረቷን መታች፤ ሴቶቹም ይህንኑ ሲጠብቁ ነበርና እሪታውን ተቀበሏት።

ባለቤቴና እህቴ አለ፣ በሕይወት አለ እያሉ ይጮኻሉ፤ በዚያ እሪታ መሃል ማን ይስማቸው። እኔ እናቴ እግር ሥር ወደቅሁ። አንዲት ሴት በሐዘን የወደቅሁ መስሏት ውሃ በጣሳ አቀበለችኝ። ጉሮሮዬ ደርቆ ነበርና አገጬን ዝቅ ሳላደርግ፣ ቀስ ሳልል፣ ጨለጥኩት። የፈሩት ይደርሳል ይባል የለ፤ ውሃው ወደ ሳንባዬ ሄደ። ታነቅሁ። አየር አጣሁ፣ ዓይኔ ጨለመ፤ በቃ፣ መርዶው እውነት ሊሆን ነው አልኩ።

እናቴ እሪታዋን አቋረጠች። ማን እንደታነቀ አላወቀችም፤ ሰው ሲታነቅ ግን ሰምታ አትቆምም። ጎንበስ ብላ በዳበሳ ጀርባዬን አገኘችውና በመዳፏ ትደቃው ጀመር። ውሃው ወጣ፤ አየርም ገባ። እጇ ግን አልተነሳም። ጀርባዬ ላይ ቆየ፤ አጥንቴን ከአንገቴ ጀምሮ እስከ ወገቤ ዳበሰ።

«ቀስ በል አላልኩህም?» አለችኝ።

እግሯን ይዤ አለቀስኩ፤ ልቅሶዬም ድምፅ አልነበረውም። ያቺ መጀመሪያ የተከተለችን ጎረቤት ነጠላዋን ስታቃና አየኋት።

ድምፄ እስካሁን አልተመለሰም፤ ውሃም እፈራለሁ። በየማለዳው እናቴ ጋ እደውላለሁ። አንድ ማለዳ ብዘገይ ምን እንደምታስብ ስለማውቅ አልዘገይም። ስልኩን ስታነሳ ከመናገሬ በፊት እስላለሁ። «ቀስ በል» ትለኛለች፤ ከዚያ እናወራለን።