ሁለት ፋሲካ የነበረው አባቴ

ዛሬ ጠዋት እንጅባራ ሥራ ልገባ ስል ወንድሜ ከዳንግላ ደወለ። «አባዬ…» ብሎ ድምፁ ተቋረጠ። ኔትወርኩ ነው ብዬ ዘጋሁት። መልሶ ሲደውል ግን ኔትወርኩ እንዳልሆነ ገባኝ፤ እያለቀሰ ነበር።

አሁንም አላመንኩም። ባለፈው ሳምንት ቤት ስሄድ ወፍጮው ስር ተጋድሞ ብሎን ሲያጠብቅ ነው ያገኘሁት። ሰባን ያለፈ ሰው እኮ ነው!

ለሁላችሁም መደወል ስላልቻልኩ እዚሁ ልንገራችሁ። ዳንግላ በሙሉ «ሙሴ ፒኖ» የሚለው ባለወፍጮ፣ አባቴ፣ አርፏል።

ለማታውቁት፣ ጣሊያን ነው። በወጣትነቱ ለመንገድ ሥራ በመካኒክነት መጣ። ሥራው ሲያልቅ ጓደኞቹ ሄዱ፤ እሱ እናቴን አግብቶ ቀረ። በአዊኛ ይቀልዳል፣ በአማርኛ ይቆጣል፣ ጸሎቱ ብቻ በጣሊያንኛ ነው።

ምንም ይበላሽ ምን፣ ቃሉ አንድ ነበር፦ «ፈትተን እናየዋለን!» ወፍጮው ሲቆምም፣ እኔ ፈተና ስወድቅም፣ ጎረቤት ባልና ሚስት ሲጣሉም ያው ነው።

እማዬ ኦርቶዶክስ፣ እሱ ካቶሊክ። የእሱ ፋሲካ ብዙ ጊዜ እኛ ሁዳዴን ሳንጨርስ ይመጣል። በሚኒባስ ባሕር ዳር ሄዶ አስቀድሶ ሲመለስ እማዬ የክት ልብሷን ለብሳ «እንኳን አደረሰህ» ትለዋለች። ከዚያ ሽሮ ይቀርባል።

አንዴ ወንድሜ «አባዬ፣ አንተ እኮ ጾም ፈትተሃል፣ ሥጋ ብላ እንጂ» አለው።

«ብቻዬን የምን ፋሲካ አለ? እሷን እጠብቃለሁ» ብሎ ሽሮውን በላ።

እማዬ ቀድማው አረፈች፤ እዚሁ ዳንግላ ከደብሯ ተቀበረች። ሰልስቷ ሲያልፍ ሽማግሌዎች መጡ። «ሙሴ፣ ይጠመቁና ቀንዎ ሲደርስ ከጎኗ ይረፉ» አሉት። አመስግኖ እምቢ አላቸው።

እኔ በጣም ተናደድኩ። እንደወጡ «ለእማዬ ስትል እንኳ?» አልኩት።

«ስንት ዓመት አብረን ስንኖር ሃይማኖትህን ለውጥ ብላ አንድ ቀን አልጠየቀችኝም። እኔም አልጠየቅኋትም። አሁን ስለሌለች ልለውጥ?»

 

ስለዚህ ነገ ጠዋት ባሕር ዳር እንወስደዋለን፤ ቀብሩ በካቶሊኮቹ መካነ መቃብር ነው። የእድሩ ሰዎች አውቶቡስ ይዘዋል። የእማዬ የንስሐ አባትም «ሥርዓቱን መሻር አልችልም፤ ወዳጄን ሳልሸኝ ግን አልቀርም» ብለው ከእኛ ጋር ይሄዳሉ። መምጣት የምትችሉ ኑ።

አባዬ፣ አልዋሽህም፣ ሁለታችሁን ለየብቻ ማስቀመጥ ከብዶኛል። ዛሬ ቀኑን ሙሉ ከወንድሜ ጋር ስናወራበት ነው የዋልነው። ግን እንዳልከው እናደርጋለን።

በሰላም እረፍ አባቴ። ነገ አንተን ሸኝተን ስንመለስ ቤት አልገባም፤ ቀጥታ ወደ እማዬ መቃብር ነው የምሄደው። የት እንዳስቀመጥንህ እኔ ራሴ እነግራታለሁ።