የወንድሜ ሊሾና የእናታችን ኤሊዎች

ወንድም ጋሼ ግንበኛ ነበር። ግንቡንስ ማንም ይገነባል፤ የእሱ ሙያ ሊሾ ነው። ሲሚንቶውን በግንበኛ ማንኪያ እያሸ፣ እያሸ፣ ወለሉን መስታወት ያስመስለዋል። ሰው ቤት ስንሄድ ከባለቤቱ በፊት ሰላም የሚለው ወለሉን ነው። ጎንበስ ብሎ በመዳፉ ይዳብሰውና፣ የራሱ ሥራ ከሆነ ዝም፣ የሌላ ከሆነ «ኤዲያ!» ይላል። «እኔ የለሰንኩት አይፈርስም» የምትል ኩራትም ነበረችው። እውነቱን ነው፤ አርባ ዓመት ሙሉ አንዲት ክንድ አልፈረሰችበትም።

እናታችን ስትሞት ለእኔ ድስቶቿን፣ ለእሱ ሁለት ኤሊዎቿን ተወችልን። እጁን ይዛ «አደራ፣ እኔ ባልፍ እነሱ ይኑሩልኝ» አለችው። ሴቷን እሜቴ፣ ወንዱን ዳኛው ነበር የምትላቸው። ዳኛው አንገቱን ብቅ አድርጎ ዙሪያውን ያይና፣ ፍርዱን ለሌላ ቀን ቀጥሮ ተመልሶ ይገባል።

ጡረታ በወጣ ዓመት ሚስቱ «የሰው ቤት መስታወት፣ የኔ ደጅ አቧራ!» እያለች ነዘነዘችው። ግቢውን ከበር እስከ አጥር ሊሾ አደረገላት። የጣት ስፋት አፈር አላስተረፈም። ጎረቤቱ አመሻሽ ላይ እየመጣ፣ ጫማውን እያወለቀ ገብቶ አደነቀለት።

ከዚያ በጋው ገባ። የዚያ ዓመት በጋ የጉድ ነው፤ የልብስ ማስጫው ሽቦ እንኳ እጅ ይልጥ ነበር። ዳኛው ብልጥ ነው፣ ከወንድሜ ሚስት አልጋ ሥር ገብቶ ቀረ። እሜቴ ግን ቤት ውስጥ መዋል አትወድም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አጥሩ ጥግ አፏን ከፍታ፣ አረፋ ደፍቃ አገኘናት። ሰላጣ ብናቀርብላት ዞርም አላለች።

ወንድም ጋሼ ገንዳ ሙሉ ውሃ ጎትቶ ሊነክራት ሲል ሚስቱ ያስጠራቻት የከብት ሐኪም ደረሰች።

«ጋሼ፣ ሊያሰምጧት ነው እንዴ?» አለችና ቀና ብላ ግቢውን አየች። «ይቺን የፈጃት ወለሉ ነው።»

«ወለሉ ደግሞ ምን ሆነ?» ልጁን የሰደቡበት ነው የሚመስለው።

«ጫማዎን ያውልቁና ይቁሙበት።»

እልኸኛ ነው፤ አወለቀ። አንዴ ግራውን ያነሳል፣ አንዴ ቀኙን፣ «ደህና ነው፣ ደህና ነው» እያለ። ሚስቱ ከበራፍ ላይ «በሠርጋችን ቀን እምቢ ያልከኝን ጭፈራ ዛሬ ጨፈርክልኝ!» አለችው።

«እርስዎን ያቃጠለዎት ሁለት እግር ነው፤ እሷን አራት፣ ከነሆዷ» አለች ሐኪሟ። እሜቴን ጥላ ውስጥ አስገብታ፣ ጉልበቷን የማያልፍ ውሃ ያለበት ዝርግ ሳህን ላይ አስቀመጠቻት። «ለጊዜው ይሄ ያቆያታል። የምትቆፍረው አፈርና የምታርፍበት ጥላ ካላገኘች ግን ይሄን በጋ አትወጣም።»

ማታውን ተንበርክኮ ሊሾውን ሲዳብስ አየሁት፤ አስከሬን ፊት የተቀመጠ ነበር የሚመስለው።

«የሚያፈርስልህ ሰው ላምጣ?» አልኩት።

«የኔ ሥራ ላይ ሌላ ሰው እጁን አያሳርፍበትም።»

በማግስቱ መሮና መዶሻውን አወጣ። መታ። ሊሾው ንቅንቅ አላለም። ደገመ። መሮው ጠመመ። ላቡ እየተንጠባጠበ፣ «ኧረ የትኛው ደንቆሮ ነው እንዲህ አድርጎ ያጠነከረው!» ብሎ ጮኸ። እኔና ሚስቱ ተያየንና ሆዳችንን ይዘን ቁጭ አልን። እሱም ዘግይቶ ገባውና መዶሻውን ጥሎ ሳቀ።

ሦስት ቀን ፈጀበት። የአልጋ ስፋት የሚያህል አፈር ወጣለት፤ በላዩ በጆንያ ዳስ ጣለ፣ ውሃ አርከፈከፈበትና እሜቴን አምጥቶ አስቀመጣት። ቀኑን ሙሉ ሳትነቃነቅ ዋለች፤ እሱም ምሳውን ሳይበላ አጠገቧ ዋለ። ወደ አመሻሹ አንድ እግሯን አነሳች። ጫረች። አሁንም ጫረች። ግማሽ ጀርባዋ አፈር ውስጥ ሲገባ፣ «እማዬ፣ አየሽልኝ?» አለ፣ ቀና ብሎ።

ወንድም ጋሼ ካረፈ ስድስት ዓመት ሆነው። እሜቴና ዳኛው እዚያው ግቢው ውስጥ ናቸው፤ አደራቸው አሁን የእኔ ነው። ጠዋት ጠዋት አፈሩን አርሳለሁ፣ የሳህኑን ውሃ እለውጣለሁ። ሳልፍ ደግሞ ጎንበስ ብዬ እሱ የሰበረውን ወለል ጠርዝ በመዳፌ ዳበስ አደርገዋለሁ። እግራቸውን እንዳይቧጭራቸው ብሎ ዙሪያውን መልሶ ሊሾ አድርጎታል።